የሶዶው መስመርና የእኅታችን ጥያቄ

በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ አዳራሽ «አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ለጎረቤት መሸጥዋ ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል?» በሚል አርእስት ክርክር ተደርጎ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። እንዴት እንደ ተፈጸመም ታስታውሳላችሁ፤ ማለት አልተፈጸመም። ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብላ ከምትገኝ ቀበሌ የመጣች አንዲት እኅታችን ከኋላው ወንበር ተነሥታ፣ «ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር የሚያልፈው በማሳችን አጠገብ ነው፤ ማታ ማታ ሽቦው ሲንሾካሾክ እንሰማለን፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ ራት የምትሠራው በኩራዝ ነው። እናንተ የምታጨበጭቡት ለምኑ ነው?» ብላ ጠየቀችና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ፤ ሊቀ መንበራችን ጠረጴዛውን ቢደበድብም ሰሚ አጣ፤ ሁላችንም እየተጨቃጨቅን ወደ ራት ሄድን።

በማግሥቱ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሦስት ሰዎች መርጦ ነገሩን አጥንተን እንድናቀርብ አዘዘን። ከሦስታችን አንዱ ምሕንድስና፣ ሁለተኛው ኤኮኖሚክስ፣ ሦስተኛዋ ሕግ የምንማር ነን። ስለዚህ በዚህ ንግግር ውስጥ «እኛ» ስንል እንደ ነገሥታት ደንብ ራሳችንን ማክበራችን አይደለም፤ በእውነት ሦስት በመሆናችን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ውሎቹም መዝገቦቹም የተጻፉት በዚያው ስለ ሆነ ነው። ስለ ኅብረት በሚደረግ ንግግር ሁሉ መግቢያ ላይ የሚጠቀሰውን የድርና የአንበሳ ተረት ግን ዛሬ አንጠቅስም። ተረቱ ድሩ ቢያብር ምን እንደሚሆን እንጂ እንዴት እንደሚያብር አይነግረንም፤ የእኛ ጭንቀት ደግሞ ይኸው «እንዴት» የሚለው ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር። ነዳጅ በቦቴ ይጫናል፤ የድንጋይ ከሰልም በባቡርና በመርከብ ይሄዳል። ወንዝና ነፋስ ግን ፈጣሪ ካኖራቸው ስፍራ ንቅንቅ አይሉም። የዓባይ ውሃ ከጉባ ሸለቆ፣ የኦሞ ውሃ ከግቤ ገደል፣ ነፋሱ ከቱርካና ሐይቅ ዳር፣ የምድር እንፋሎቱ ከኦልካሪያ አይነሣም። ሰውና ፋብሪካ ያሉት ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ታዳሽ ኃይል በሚባለው ነገር ሽቦው ኋላ የሚታሰብ ዕቃ ሊሆን አይገባውም። ሽቦ የሌለው ግድብ ሐይቅ ነው፤ ሽቦ የሌለው የነፋስ ማመንጫም ትልቅ የወፍ ማስፈራሪያ ነው።

ይህን ለማሳመር የተናገርነው እንዳይመስላችሁ የጎረቤታችንን ታሪክ እንንገራችሁ። በሰሜን ኬንያ፣ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ ነፋስ አለ። በዚያ ምድረ በዳ 365 የነፋስ ማመንጫዎች ተተከሉ፤ በአንድነት 310 ሜጋዋት ያህል ያመነጫሉ። ተከላው በ2017 ተፈጸመ። ነገር ግን ኃይሉን ወደ ደቡብ፣ ናይሮቢ አቅራቢያ ወዳለው ሱስዋ ጣቢያ የሚወስደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር አልደረሰም ነበር። መስመሩ የተገናኘው በሴፕቴምበር 2018 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ማመንጫዎቹ ተገትረው ቆሙ፤ መንግሥቱም ላልመጣው ኃይል ካሳ እንዲከፍል ሆነ። ነፋሱ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይነፍስ ነበር።

በእኛ ዘንድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው 619 ኪሎ ሜትር የሆነው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር የተዘረጋው ግድቡ በፌብሩዋሪ 2022 የመጀመሪያውን ኃይል ከመስጠቱ ከዓመታት በፊት ነው። እዚያ ነፋስ ሽቦን ጠበቀ፤ እዚህ ሽቦ ውሃን ጠበቀ። በሁለቱም አገር ብድሩ ወለዱን ሳይጠብቅ ይቆጥር ነበር። አንድ አገር በገዛ ወሰኑ ውስጥ ማመንጫውንና መስመሩን በአንድ ቀን ማድረስ እንዲህ ካቃተው፣ ሁለትና ሦስት አገሮች ሲሆኑ ችግሩ ምን ያህል እንደሚበዛ አስቡት።

አሁን የምሕንድስናው ወንድማችን አንድ ቀመር ብቻ እንዲናገር ፈቅደንለታል፤ ሁለተኛ ቢጨምር እንድናቋርጠውም ተስማምቷል። ኮረንቲ በሽቦ ሲሄድ ሽቦው ይሞቃል፤ ሙቀቱ ለማንም ሳይጠቅም የሚጠፋ ኃይል ነው። የሚጠፋው ኃይል ደግሞ በኮረንቲው መጠን ካሬ ያድጋል። ቮልቱን እጥፍ ብናደርገው ያንኑ ኃይል ለመላክ የሚያስፈልገው ኮረንቲ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጥፋቱም ወደ ሩብ ይወርዳል። እኅታችን በማሳዋ አጠገብ የምታያቸው ማማዎች እንዲያ የገዘፉት፣ ቮልቱም 500 ሺህ የሆነው ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ የሶዶው መስመር ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው የሚሸከመው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እስከ 2,000 ሜጋዋት ማስተላለፍ ይችላል። በሁለቱ ጫፍ ላይ ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውንም መልሶ ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይሩ ሁለት ታላላቅ ጣቢያዎች አሉ። ለጠቅላላው ሥራ 1.26 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተመድቦለት ነበር። ዓለም ባንክ ብድሩን የፈቀደው በ2012 ነው፤ ኬንያ ኃይሉን መግዛት የጀመረችው ደግሞ በኖቬምበር 2022 ነው። ዐሥር ዓመት መሆኑ ነው።

እኅታችን የጠየቀችው ጥያቄ መልስ አንዱ ክፍል እዚህ ላይ አለ፤ ደስ የሚያሰኝ ግን አይደለም። ከዚህ መስመር ላይ በመንገድ ጥቂት ቀንሶ ለአንድ ቀበሌ መስጠት አይቻልም። ለመቀነስ ሌላ መቀየሪያ ጣቢያ መሥራት ያሻል፤ እሱም ለአንድ ቀበሌ ቀርቶ ለአንድ ክፍለ አገር ታላቅ ወጪ ነው። ልክ በየመንደሩ ፌርማታ ሳይኖረው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በአንድ ትንፋሽ እንደሚሄድ ባቡር ነው። የመንደሩ መብራት የሚመጣው በሌላ በኩል፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ በሚነሣ በቀጭኑ መስመርና በእንጨት ምሰሶ፣ በመጨረሻም በትራንስፎርመር ነው። በአገራችን የጠፋው ይኸው ቀጭኑ ሽቦ ነው። ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ነበረው፤ ከሕዝባችን ግን ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት የለውም። በቅርብ ዓመታት ከትርፉ ኃይል ከፊሉ ቢትኮይን ለሚባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ አምራቾች ሲሸጥ እንደ ነበረ ሰምታችኋል። በዚህ ብዙ ሰው ተቈጥቷል፤ እኛም ሳንቈጣ አልቀረንም። ነገር ግን ኃይሉ እዚያ የሄደው የእናታችንን ቤት ንቆ ሳይሆን ወደ እናታችን ቤት የሚወስድ ሽቦ ስላልነበረው ነው።

ታዲያ ኃይል ካለን፣ ሽቦው ብቻ ከጎደለን፣ ከጎረቤት ጋር መተሳሰር ለምን ያስፈልጋል? ገንዘቡን ሁሉ ለቀጭኑ ሽቦ አናውልም ወይ? በክርክሩ ዕለት ተቃዋሚዎቹ ወንድሞቻችን በብርቱ ያነሡት ይህን ነው። እኛም ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰድነው በዚህ ላይ ነው።

በ2019 ግንቦት የሆነውን አስታውሱ። እኛ ያን ጊዜ ልጆች ነበርን። በግቤ ሦስት ግድብ ውሃው ስለ ቀነሰ በመላው አገር መብራት በፈረቃ ሆነ። ግቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ፣ በ2016 መጨረሻ የተመረቀ፣ በጊዜው ታላቁ ማመንጫችን ነበረ። ዝናቡ ሲዘገይ ፋብሪካው በፈረቃ ሠራ፤ ዳቦ ቤቱ ሊጡን ደፋ፤ እኛም ለፈተና በሻማ አነበብን። ለጎረቤት ይላክ የነበረውም ተነካ። የዚህ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ከኤሌክትሪካችን ከመቶው ዘጠናው እጅ በላይ ከውሃ የሚገኝ ነው። ዘጠና እጅ ሀብቱን በአንድ እንስራ የሚያስቀምጥ ሰው እንስራው በተሰነጠቀ ቀን ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

አሁን ወደ ጎረቤቶቻችን እንመልከት። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ግድቦቻችን የሚሞሉት በዚያን ጊዜ ነው። በጅቡቲ ደግሞ ሙቀቱ የሚያቃጥለው በዚያው ወራት ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ማቀዝቀዣውን ይከፍታል። ስለዚህ በ2011 የተከፈተው ባለ 230 ኪሎ ቮልት የጅቡቲ መስመር ውሃችን በበዛበት ወራት በብዛት ወደሚፈልገው አገር ይወስድልናል። ኬንያ በምድር ወገብ ላይ ስላለች ዝናቡዋ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። በአገራችን የአዳማ ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞቻችን ሲከሱ ነው። የኦልካሪያ የምድር እንፋሎት ግን ክረምትም በጋም አያውቅም፤ ሌሊትም ቀንም እኩል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እናርማለን። አንዳንድ መጻሕፍት አገሮች የሚተሳሰሩት የመብራት ሰዓታቸው ስለሚለያይ ነው ይላሉ። ይህ ለሰፊው የሩስያ ወይም የአሜሪካ ምድር እውነት ሊሆን ይችላል። ናይሮቢና አዲስ አበባ ግን ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ራታቸውን የሚበሉት በአንድ ጊዜ ነው። የእኛን አካባቢ የሚጠቅመው የሰዓት ልዩነት ሳይሆን የወቅትና የምንጭ ልዩነት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀን ግን ይህ ነው። በኬንያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው ሲተኛ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ይወርዳል። የቱርካና ነፋስ ደግሞ የሚበረታው በሌሊት ነው፤ እንፋሎቱም አይተኛም። ስለዚህ በአንዳንድ ሌሊት ነፋሱን ማስቆም፣ እንፋሎቱንም ወደ ሰማይ መልቀቅ ግድ ሆኗል። ነፋስ በጎተራ አይቀመጥም፤ ውሃ ግን ይቀመጣል። በዚያች ሌሊት የኬንያ ትርፍ ወደ እኛ ቢመጣ፣ እኛ የግድባችንን ውሃ ዘግተን እናሳድራለን። ያደረውን ውሃ በማግሥቱ ምሽት ሁሉም ምጣዱን ሲያሰማ ለሁለታችንም እናወርደዋለን። ይህ ማለት የቱርካና ነፋስ በኦሞ ግድብ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ምንም አዲስ መሣሪያ አያስፈልገውም። የሶዶው መስመር በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሠራ ሆኖ ተሠርቷል። የጎደለው ሁለቱ አገሮች በየቀኑ «ነገ ምን ያህል አለህ? ምን ያህል ላሳድርልህ?» የሚባባሉበት የጋራ ዕቅድና የሒሳብ ደንብ ነው።

አሁን ያለው ውል ግን የሽያጭ ውል ነው። ለ25 ዓመት የተፈረመ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ በኋላ እስከ 400 ሜጋዋት፣ በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ሻጭና ገዢ ቢስማሙ ደግ ነው፤ ዶላሩም ያስፈልገናል። ነገር ግን በገበያና በወንፈል መካከል ያለውን ልዩነት ገበሬው አባታችን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ዛሬ የአንተን አረም፣ ነገ የእኔን አረም ብለው የሚማማሉ ሁለት ገበሬዎች ማሳቸው ሳይጨምር ጉልበታቸው ይጨምራል። ማን መቼ ወደ ማን ማሳ እንደሚሄድ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ አለዚያ ሁለቱም በአንድ ቀን ይጠራሩና አንዱም አይታረም።

በዚህ አካባቢ ትስስር አዲስ ነገር አይደለም። በነጭ ናይል መውጫ፣ በጂንጃ፣ የኦወን ፎልስ ግድብ በ1954 ሲከፈት ኡጋንዳ ከፍላጎትዋ የበለጠ ኃይል ነበራት። በ1955 በተደረገው ውል ለ50 ዓመት 30 ሜጋዋት ለኬንያ እንድትሸጥ ሆነ። ያን ጊዜ ሁለቱም በእንግሊዝ እጅ ስለ ነበሩ ውሉን ለመፈራረም ብዙ ክርክር ያስፈለገ አይመስለንም። ችግሩ ነፃ አገሮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ የራሱን ግድብ በራሱ ባንዲራ ሥር ሲያስብ ነው። በ2005 ሰባት አገሮች፣ ማለት ቡሩንዲ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሩዋንዳና ሱዳን፣ በእንግሊዝ አፍ ፓወር ፑል የሚባለውን፣ እኛ የኃይል ቋት ያልነውን ማኅበር አቋቋሙ። ጽሕፈት ቤቱ በዚሁ በአዲስ አበባ ነው፤ ከእኛ ስንቶቻችን በደጁ እያለፍን እንደማናውቀው መጠየቅ አያስፈልግም። የዓባይ ውሃ ሲነሣ ፊታቸው የሚጠቋቈረው አገሮች በሽቦ ነገር በአንድ ወረቀት ላይ መፈረማቸውን ልብ በሉ። በ2011 ለአካባቢው የጋራ ማስተር ፕላን ተሠራ፤ በ2014 ታደሰ። በወረቀቱ ላይ መስመሮቹ ከካይሮ እስከ ዳሬ ሰላም ተዘርግተዋል። በምድር ላይ ያለው ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም እየጨመረ ነው። ኬንያን ከታንዛኒያ የሚያገናኘው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር በ2024 መጨረሻ ኮረንቲ ገባበት፤ ከሶዶ የሚነሣ ኃይል በኬንያ በኩል አልፎ ታንዛኒያ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

መስመር መዘርጋት ብቻውን ግን ኅብረት አይሆንም። ይህንን በሴፕቴምበር 6 ቀን 2024 ኬንያ በግልጥ አየች። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ 288 ሜጋዋት የቱርካና ነፋስ ተሸክሞ ይመጣ የነበረው መስመር በሱስዋ ጣቢያ ተቋረጠ። ወዲያው 200 ሜጋዋት ያስተላልፍ የነበረው የኢትዮጵያ መስመርም ተከትሎ ወደቀ። በድንገት 488 ሜጋዋት ጠፋ። የኬንያ ፍላጎት በጠቅላላው ከ2,000 ሜጋዋት ጥቂት አለፍ የሚል ነው፤ ከአራት አንድ እጅ የሚጠጋው በአንድ አፍታ ሲሄድ የቀረው ሊሸከመው አልቻለም፤ አብዛኛው የአገሩ ክፍል ጨለመ።

ነገሩን በቤት ሥራ ምሳሌ ብናየው፣ ዐሥር ሰዎች አንድ ወፍራም ግንድ ተሸክመው ሲሄዱ አንዱ ቢለቅ ዘጠኙ ይንገዳገዳሉ እንጂ አይወድቁም። ሁለት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ቢለቁ ግን ግንዱ ሁሉን ይጨፈልቃል። የኬንያ ነፋስና የኢትዮጵያ ውሃ የተለያየ አገር ምርት ቢሆኑም የሚገቡት በአንድ በር፣ በሱስዋ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። አንድ አገር ከአንድ መስመር ሊቀበል የሚገባው በድንገት ቢያጣው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። መስመሩ 2,000 ሜጋዋት ይችላል፤ ኬንያ ብቻዋን ግን ያን ሁሉ ልትቀበለው አትችልም። ለመቀበል የምትችለው ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር ያላት ትስስር ሲጠነክር፣ አንዱ ሲንገዳገድ ሌላው ትከሻ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ለሶዶው መስመራችን ገበያ የሚያሰፋው ከሶዶ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በታንዛኒያ የሚተከል ማማ ነው። በራሳችን ዕቅድ መሥሪያ ቤት ብቻ ተቀምጠን ይህን ማየት አይቻልም። ማን ምን ያህል መጠባበቂያ ይዞ ይቈይ፣ አደጋ ሲደርስ ማን ቀድሞ ይርዳ፣ ለረዳው ማን ይክፈል፤ ይህ ሁሉ ሽቦው ከመሰቀሉ በፊት የሚወሰን ነው።

በዚህ ነገር ወደ ማዕከላዊ አሜሪካ እንድንመለከት የሕግ ተማሪዋ እኅታችን ነገረችን። ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓ፣ ኮስታ ሪካና ፓናማ ትንንሽ አገሮች ናቸው፤ ሁለቱ በ1969 እርስ በርሳቸው ተዋግተዋል፤ በሦስቱም የእርስ በርስ ጦርነት ነበረ። በ1996 ግን አንድ ቃል ኪዳን ተፈራረሙ። በዚያ ውል መሠረት የጋራ ገበያውን የሚቆጣጠር አንድ ሸንጎ በጓቲማላ፣ ኃይሉን በየሰዓቱ የሚያስማማ አንድ መሥሪያ ቤት በኤል ሳልቫዶር አቆሙ። 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መስመራቸው ተቈራርጦ ተሠርቶ የተፈጸመው በ2014 ነው። እነሆ እነሱ ዳኛውን ያቆሙት ከመስመሩ በፊት ነው። ሥራቸው ያለ ጭቅጭቅ ነው አንልም፤ ጭቅጭቃቸው ግን የሚሰማበት ቦታ አለው። በመስኖ በሚታረስ አገር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በቦዩ ላይ የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ። የላይኛው ገበሬ እስከ ስንት ሰዓት፣ የታችኛው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። የላይኛው ገበሬ ጉልበተኛ ቢሆንም የውሃ አባቱን አይደፍርም፤ ሰው ሁሉ የመረጠው ነውና። በምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ውስጥም ነፃ የሆነ ተቆጣጣሪ ቦርድ ተሰይሟል። ሥልጣኑ ግን እያንዳንዱ መንግሥት በሚሰጠው መጠን ነው፤ መንግሥታት ደግሞ ቈጣሪያቸውን ለሌላ ማሳየት አይወዱም። ሰው ጎተራውን ለጎረቤት እንደማያሳይ ሁሉ፣ የግድብ ውሃ ከፍታ እንኳ በአንዳንድ አገር እንደ ምሥጢር ይቆጠራል። ነፋስን በጎረቤት ግድብ ማሳደር ቢፈለግ ግን የጎተራው በር መከፈቱ አይቀርም።

አንድ ተቃውሞ አለ፣ እሱንም መደበቅ አይገባንም። በጎረቤት ላይ መደገፍ አደገኛ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። በሞዛምቢክ ከካሆራ ባሳ ግድብ እስከ ደቡብ አፍሪካ 1,420 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እንደ ሶዶው ያለ የቀጥተኛ ኮረንቲ መስመር አለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ማማዎች ወድቀው፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ያ ታላቅ ግድብ ገዢ አጥቶ ተቀመጠ። ጎረቤታችን ሱዳንም ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በጦርነት ናት፤ ከጎንደር በመተማ አልፎ ገዳሪፍ የሚደርሰው መስመራችን የሚያልፈው ወደዚያው ነው። ማማ ጥይት አይመልስም። እኛ ከዚህ የወሰድነው ትምህርት በአንድ ጎረቤትና በአንድ መስመር ላይ አትንጠልጠል የሚል ነው። ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሰላም ሲሆን ሱዳን፤ በሮች ሲበዙ የአንዱ መዘጋት አይገድልም።

እንግዲህ ወደ እኅታችን እንመለስ፤ ያላትን ጥያቄ በሌሎች አገሮች ታሪክ ሸፍነን ለማለፍ አልመጣንም። መስመሩ በማሳዋ አጠገብ ሲያልፍ ያቀዱት ሰዎች የሶዶንና የሱስዋን ጫፍ አይተዋል። በመካከል ያለውን መንደር ግን የካሳ ዝርዝር ውስጥ ካልሆነ በቀር አላዩትም። ይህ የዕቅድ ጉድለት ነው፤ የመሐንዲስ ስሕተት አይደለም። በሶዶ ለመቀየሪያ ጣቢያው ሥራ ሲጀመር በዙሪያው ላሉት ቀበሌዎች የቀጭኑን መስመር ሥራ አብሮ ማስጀመር ይቻል ነበር፤ መንገዱ ተከፍቶ፣ ሠራተኛው ሰፍሮ፣ ጫኝ መኪናው እዚያው ቆሞ ነበርና። ሁለቱ ዕቅዶች ግን የሁለት መሥሪያ ቤት ነበሩ፤ ማመንጨትና ማስተላለፍ አንድ ድርጅት፣ ወደ ቤት ማከፋፈል ሌላ ድርጅት ነው። ስለዚህ ስለ አካባቢ ኅብረት ስንናገር ኅብረቱ ከናይሮቢ ጋር ብቻ አለመሆኑን እንጨምርበታለን። በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት መሥሪያ ቤቶችም ጎረቤታሞች ናቸው።

ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ከውጭ ሽያጭ ከሚገኘው ገንዘብ የተወሰነ እጅ፣ በሕግ ተደንግጎ፣ መስመሮቹ ለሚያልፉባቸው ቀበሌዎች ማከፋፈያ ሥራ እንዲውል ማኅበራችን ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ እንዲያመለክት እንጠይቃለን። ከኬንያ የሚከፈለው ዋጋ ከአገራችን ቤተሰብ አብዛኛው ከሚከፍለው ይበልጣል፤ ልዩነቱ ለዚህ ይብቃ አይብቃ መቁጠር ይቻላል።

በዚህ ላይ ግን ሦስታችን አልተስማማንም፤ ይህንንም ሳንነግራችሁ ብንወርድ ነውር ነው። የኤኮኖሚክስ ተማሪው ገንዘቡ አስቀድሞ የመስመሩን ብድር ይክፈል፤ ብድሩ ያልተከፈለበት ሽቦ የሌላ ሰው ሽቦ ነው ይላል። የሕግ ተማሪዋ ደግሞ ብድሩ እስኪያልቅ የተወለደው ልጅ በኩራዝ አንብቦ ትምህርቱን ይጨርሳል፤ እጁ ትንሽም ቢሆን ከዛሬ ይጀመር ትላለች። የምሕንድስናው ተማሪ መካከለኛ ቆሞ፣ ሁለቱም በመጀመሪያ ቁጥሩን ያምጡ አለ። ቁጥሩን ለማግኘት የሽያጩን ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ደብዳቤ ጽፈን መልሱን እየጠበቅን ነን። መልሱ ሲመጣ በዚሁ ጋዜጣ እናወጣዋለን።

እኅታችን ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ ናት። ከእኛ በኋላ መናገር የምትሻ ከሆነ፣ ሊቀ መንበሩ አስቀድሞ ለእርስዋ ቃል እንዲሰጣት እንለምናለን።